ስለ እናት ክሬይፊሽ መጠንና ስለ ዘሯ ብዛት

እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ግዛት፣ የክሬይፊሽ ዋጋ ከልማዱ ውጭ በብዙ እጥፍ ወጣ። በየዓመቱ በዚያ ወራት በመረብ ጆንያ እየተሞላ በየመንገዱ ዳር ይሸጥ የነበረው ፍጥረት ከገበያ ጠፋ፤ ቀቅለው ከሚሸጡትም ቤቶች አንዳንዶቹ የሚከፍቱበትን ቀን አዘገዩ። በማርች ወር የግዛቲቱ አገረ ገዥ የአደጋ አዋጅ እስከማውጣት ደረሰ። የዚህ ሁሉ ምክንያት በቀደመው ዓመት፣ በ2023 ዓ.ም.፣ ከሰኔ ወር ጀምሮ እስከ መኸር የዘለቀው ብርቱ ሙቀትና ድርቅ ነበር። ድርቁ የፈጀው ለገበያ የደረሰውን ክሬይፊሽ አልነበረም፤ በመሬት ውስጥ ተሸሽገው ዕንቁላላቸውን የሚጥሉበትን ቀን ይጠባበቁ የነበሩትን እናቶች ነው እንጂ። እናቶቹ ባለቁበት ማሳ ደግሞ በሚመጣው ዓመት የሚሰበሰብ ነገር አይኖርም።

ዘሩ ያለቀበት ባለማሳ እንደገና የዘር እናቶችን ሊገዛ ሲነሣ ሻጩ የሚያቀርብለት ጥያቄ አጭር ነው፤ «ትልልቁን ይሻሉ ወይስ ትንንሹን?» የሚል ነው። የትልልቁ ዋጋ ከትንንሹ ዋጋ በብዙ ይበልጣል። ትልቅ እናት ብዙ ትወልዳለች የሚለው ቃልም በሻጩ አፍ ላይ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እውነቱን በሙሉ አይናገርም፤ ገዢውም የሚጐዳው ባልተነገረው በኩል ነው።

የዚህ ፍጥረት ንግድ ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ መሆኑ የታወቀ ነው። በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ በተፈጥሮ የተገኘ ክሬይፊሽ የለም፤ የራሷ ዝርያዎች ያሏት የማዳጋስካር ደሴት ብቻ ናት። በኦሪት ዘሌዋውያንም ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት እንዳይበላ የተጻፈ ስለሆነ ብዙው ሕዝባችን ከገበታው አያቀርበውም። ሆኖም ለዘር የሚሆነውን ሕያው ዕቃ በሚዛን ገዝቶ ትርፉን በቁጥር የሚጠብቅ ነጋዴ ሁሉ ይህን ሒሳብ ቢያጠናው አይጐዳም።

ክሬይፊሽ የሽሪምፕና የሎብስተር ወገን ሲሆን፣ ጨው በሌለበት ውኃ የሚኖር፣ ዐሥር እግርና ጠንካራ ልባስ ያለው ፍጥረት ነው። የፊተኞቹ ሁለት እግሮቹ ትልልቅ መቆንጠጫዎች ናቸው። በዓለም ላይ ከ600 የሚበልጡ ዓይነቶች ሲኖሩት፣ በገበያው ላይ የነገሠው ግን አንድ ነው። እርሱም በሉዊዚያናና በአካባቢዋ ረግረግ የተገኘው ቀይ ክሬይፊሽ ሲሆን ሊቃውንቱ ፕሮካምባረስ ክላርኪ ብለው ይጠሩታል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በተለይ እርሱን ነው።

የእናቲቱን መጠንና የዘሯን ብዛት ለማገናዘብ አስቀድሞ ዓመቷን እንዴት እንደምታሳልፍ ማወቅ ያስፈልጋል። በሉዊዚያና ብዙው ክሬይፊሽ የሚረባው በሩዝ ማሳ ነው። በግንቦትና በሰኔ ወራት ሩዙ ገና በውኃ ውስጥ ቆሞ ሳለ እንስቶቹና ወንዶቹ ተቀላቅለው ይለቀቃሉ። ሩዙ ለማጨድ ሲደርስ ውኃው ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ክሬይፊሾቹም ውኃው ሲርቃቸው በማሳው ዙሪያ በተሠራው የአፈር ግድብ ሥር ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጉድጓዱ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ እንስቲቱም ብቻዋን ወይም ከአንድ ወንድ ጋር ገብታ አፉን በጭቃ ትደፍነዋለች። ከዚያ በኋላ ማሳው በላዩ ላይ ይታጨዳል፤ ሰውም ከብትም ይረግጠዋል፤ የሚመጣው ዓመት ገበያ በሙሉ ግን ከእግሩ በታች ተኝቷል።

ወንዱ ዘሩን የሚሰጣት አስቀድሞ በውኃ ውስጥ ሳሉ ነው። እርሷም ያን ዘር በኋለኞቹ መራመጃ እግሮቿ መካከል ባለች ትንሽ ማኖሪያ ውስጥ ለወራት ይዛው ትቆያለች። በዚያን ጊዜ በጀርባዋ ልባስ ሥር ያሉት ዕንቁላሎች መልካቸው ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ እየተለወጠ በመጨረሻ ወደ ጥቁር ይደርሳል። ጊዜያቸው ሲደርስ ዕንቁላሎቹ ሲወጡ በተቀመጠው ዘር በኩል ያልፋሉ፤ ከዚያም እንደ ሙጫ በሚያጣብቅ ፈሳሽ ከጅራቷ ሥር ባሉት ትንንሽ የመዋኛ እግሮች ላይ እንደ ወይን ዘለላ ይንጠለጠላሉ። አንዱ ዕንቁላል ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እናቲቱ በጉድጓዱ ጨለማ ውስጥ እነዚያን ትንንሽ እግሮች እያንቀሳቀሰች አየር ታገኝላቸዋለች፤ ሙቀቱ ከተስማማም በሦስት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላሉ። ግልገሎቹም ወዲያው አይበተኑም። ሁለት ጊዜ ልባሳቸውን እስኪለውጡ ድረስ ከጅራቷ ሥር ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ለጥቂት ሳምንታት ከእርሷ አይርቁም። በጥቅምት ወር ማሳው እንደገና ውኃ ሲሞላ እናቲቱ ጭቃውን ገፍታ ልጆቿን ይዛ ትወጣለች።

ድርቁ በ2023 ዓ.ም. ያን ያህል ጉዳት ያደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። በጉድጓዱ ግርጌ የምትቀረው ጥቂት እርጥበት ለእናቲቱም ለዕንቁላሏም ሕይወት ናት፤ መሬቱ ተሰንጥቆ እርጥበቱ በወጣ ጊዜ በጉድጓዱ የነበረው ሁሉ አለቀ።

እንግዲህ የመጠን ጉዳይ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። የእናቲቱ ሰውነት የዕንቁላሏ ጎተራ ነው፤ ጅራቷ ደግሞ እንደ ባለሱቅ መደርደሪያ ነው። ጎተራው በሰፋ መጠን ብዙ ዕንቁላል ይሠራበታል፤ መደርደሪያው በሰፋ መጠን ብዙ ይሰቀልበታል። እንስቲቱ ለአካለ መጠን ስትደርስ ጅራቷ ከወንዱ ጅራት ይልቅ ጐን ለጐን የሚሰፋውም ስለዚህ ነው። ከቀይ ክሬይፊሽ ወገን ትንሿ እናት አንድ መቶ ያህል ዕንቁላል ስትይዝ፣ መካከለኛዋ ከሁለት እስከ ሦስት መቶ፣ ትልቋ ደግሞ ከ500 በላይ ትይዛለች፤ ከዚህም የሚያልፉ አሉ። በማኅፀኗ የተሠራው ሁሉ ግን ከጅራቷ ሥር አይገኝም። ከፊሉ ሳይጣበቅ ይወድቃል፤ ከፊሉ ዘር ሳያገኝ ይበላሻል፤ ስለዚህ በማኅፀን የተቈጠረውን እንደ ተፈለፈለ አድርጎ የሚያስብ ሰው ያልገባለትን ገንዘብ በመዝገቡ ገቢ እንደሚያደርግ ጸሐፊ ነው።

ዕንቁላሉ ራሱ ከእናቲቱ ጋር እኩል አለማደጉም ሊታወቅ ይገባል። የሰውነቷ ክብደት በሦስትና በአራት እጥፍ ሲጨምር የአንዱ ዕንቁላል ስፋት የሚለወጠው በጥቂቱ ነው፤ የሚጨምረው ቁጥሩ ነው። ከትልቅ እናት የወጣ ግልገል ሁሉ ገና ከመነሻው ትልቅ ሆኖ ይወጣል ብሎ ዋጋ የሚጨምር ገዢ እንግዲህ ገንዘቡን የሚከፍለው ላልተረጋገጠ ነገር ነው።

እስካሁን የተነገረው በነፍስ ወከፍ ሲቈጠር ነው። ገበያው ግን የሚሸጠው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በሚዛን ነው፤ በሚዛን ሲታይም ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ለሒሳብ እንዲመች አንዲት እናት በየግራም ክብደቷ 10 ዕንቁላል ትይዛለች ይባል። አንድ ገበሬ ለአንድ ሄክታር 60 ኪሎ ቢገዛና ግማሹ እንስት ቢሆን፣ የእንስቶቹ ክብደት 30 ኪሎ፣ ማለት 30,000 ግራም ነው። እያንዳንዳቸው 30 ግራም ቢመዝኑ 1,000 እናቶች ይሆናሉ፤ እያንዳንዳቸውም 300 ዕንቁላል ይይዛሉ። እያንዳንዳቸው 20 ግራም ቢመዝኑ ደግሞ 1,500 እናቶች ይሆናሉ፤ እያንዳንዳቸውም 200 ዕንቁላል ይይዛሉ። በሁለቱም መንገድ ድምሩ 300,000 ዕንቁላል ነው። እንግዲህ የትልልቁ ኪሎ 6 ዶላር፣ የትንንሹ ኪሎ 3 ዶላር ቢሆን፣ አንዱ ገዢ 360 ዶላር፣ ሌላው 180 ዶላር ከፍለው የገዙት ዕንቁላል ትክክል ነው። በብልጫው በ180 ዶላር ምን ተገዛበት ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «መልክ ተገዛበት» ከማለት የተሻለ አይገኝለትም።

ይህ ሒሳብ የቆመው ዕንቁላሉ ከክብደት ጋር እኩል ይጨምራል በሚል ግምት ላይ ነው። በብዙ የክሬይፊሽ ዓይነቶች እንደታየው ግን ሰውነት በገዘፈ መጠን በየግራሙ የሚገኘው ዕንቁላል እያነሰ ይሄዳል። ትልቋ እናት በራሷ ከትንሿ ብዙ ትወልዳለች፤ በኪሎ ሲመዘን ግን ትንንሾቹ ከትልልቆቹ እኩል ይሆናሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ይበልጧቸዋል።

በሒሳቡ ውስጥ የማይታይ ሌላ ነገርም አለ። 1,000 እናቶች ከ1,000 የማይበልጥ ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ 1,500 እናቶች እስከ 1,500 ይቆፍራሉ። አንዱ ጉድጓድ በደረቀ ግድብ ላይ፣ ሌላው በረጠበ ቦታ ይሆናል፤ አንዱን አውሬ ያወጣዋል፣ ሌላው ይተርፋል። ዕቃውን ሁሉ በአንድ መርከብ ጭኖ የሚልክ ነጋዴና በሦስት ከፍሎ የሚልክ ነጋዴ መርከብ በሰጠመ ጊዜ ይለያያሉ። የድርቅ ዓመት ሲመጣም አንዲት ትልቅ እናት ስትሞት 500 ዕንቁላል አብሮ ይጠፋል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ትንሽ ነው የሚሻለው» ብሎ ወደ ሌላው ጽንፍ እንዳይሄድ ትንሽ የሚለው ቃል መመርመር አለበት። ክሬይፊሽ እንደ ሌሎች ብዙ እንስሳት በዕድሜው ልክ የሚያድግ አይደለም። የሚያድገው ልባሱን እየጣለ ነው፤ ምግብ ባነሰ፣ ውኃው በሞቀና ቦታው በተጨናነቀ ጊዜ ማደጉን ትቶ ባለበት መጠን ለአካለ መጠን ይደርሳል። አንዲት ቀይ ክሬይፊሽ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርዝመት ኖሯት እናት ለመሆን ትችላለች፤ ሌላዋ ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆና ገና ለአካለ መጠን ትደርሳለች። ስለዚህ በጆንያ ውስጥ ያለችው ትንሽ ክሬይፊሽ ወይ ገና ያልደረሰች ልጅ ናት፤ ወይ በጥበት ያደገች፣ በቁመቷ የቀረች እናት ናት። በሚዛን ላይ ሁለቱ አይለዩም። የፊተኛይቱ ለዘር አትሆንም፤ የኋለኛይቱ ግን ትሆናለች። የእርሷም ልጆች ሰፊ ቦታና በቂ ምግብ ካገኙ በእናታቸው መጠን አይወሰኑም፤ ከመጨናነቅ የመጣ ትንሽነት እንደ ቅርስ የሚወረስ አይደለምና።

መለያው ቀላል ነው፤ ዐይን ብቻ ይጠይቃል። ያልደረሰችው መልኳ ወደ አረንጓዴና ወደ ቡናማ ያዘነብላል፤ የደረሰችው ጥቁር ቀይ ናት። ወንዱን ከእንስቲቱ ለመለየት በጀርባው ገልብጦ ከጅራቱ ሥር መመልከት ነው፤ በወንዱ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥንድ የመዋኛ እግሮች ጠንክረው ወደ ፊት ተኝተዋል፤ በእንስቲቱ ላይ ይህ የለም። ክብደታቸው እኩል የሆኑ ወንድና እንስት ሲነጻጸሩ የወንዱ ክብደት በመቆንጠጫው ላይ ነው፤ ስለዚህ ግዙፍ መቆንጠጫ ያለውን እየመረጠ ጆንያውን የሚሞላ ገዢ ሳያውቀው ወንድ እየሰበሰበ ይሄዳል። ቢያንስ ግማሹ እንስት መሆኑን ሳያይ ዋጋ የሚቈርጥ ሰው ስለ ዕንቁላል ብዛት መጨነቁ ከንቱ ነው። ጥንቁቅ ገዢ ከዚህም አልፎ ከጆንያው መካከል ጥቂት እንስቶች አውጥቶ የጀርባቸውን ልባስ ይከፍታል። በውስጥ ያለው ዕንቁላል ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ እናቲቱ ተዘጋጅታለች፤ ነጭ ከሆነ ገና ናት። ጥቂት ክሬይፊሽ መግደሉ የዓመት ማሳ ከማክሰር ይሻላል።

የጆንያውም ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሉዊዚያና ሕያው ክሬይፊሽ የሚጓዘው ከ16 እስከ 18 ኪሎ ገደማ በሚይዝ የመረብ ጆንያ ነው። ጆንያ በጆንያ ላይ ሲደራረብ የታችኞቹ ይጨፈለቃሉ፤ ፀሐይ ሲመታቸውና ልባሳቸው ሲደርቅ ይደክማሉ። የደከመ ክሬይፊሽ በዚያው ቀን አይሞትም፤ ገዢው በማሳው ከለቀቀው በኋላ ነው የሚሞተው፤ ሻጩም በዚያን ጊዜ ገንዘቡን ቆጥሮ ሄዷል። ስለዚህ በቅርብ ከተያዘ፣ በቀዝቃዛ ሰዓት ከተጫነና በዚያው ቀን ከተለቀቀ መካከለኛ እናት ይልቅ ሩቅ መንገድ የተንገላታችውን ትልቅ እናት መምረጥ ስሕተት ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ከወዲያኛው ወገን ማየት ያስፈልጋል። በደኅና ዓመት የባለማሳው ችግር የዘር ማነስ ሳይሆን የዘር መብዛት ነው። ከላይ የተሰላው 300,000 ዕንቁላል በአንድ ሄክታር ላይ ቢከፋፈል በያንዳንዱ ሜትር ካሬ 30 ይደርሳል። አብዛኛው ቢጠፋም የሚተርፈው፣ ባለፈው ዓመት ሳይያዝ ከቀረው ጋር ሲደመር፣ ማሳውን ሊያጨናንቀው ይችላል። የተጨናነቀ ማሳ የሚሰጠው ብዙ ትንንሽ ክሬይፊሽ ነው። በሉዊዚያና ገበያ 15 ወይም ከዚያ ያነሱ ሆነው አንድ ፓውንድ፣ ማለት 454 ግራም፣ የሚሞሉት ትልቅ ይባላሉ፤ ከ20 በላይ ሆነው የሚሞሉት የትንሾቹ ወገን ናቸው። ትልልቁ በሕይወት ወደ ምግብ ቤት ሲሄድ ትንሹ ተቀቅሎ ጅራቱ ይፈለፈላል። ከ100 ኪሎ ሕያው ክሬይፊሽ የሚወጣው የጅራት ሥጋ 15 ኪሎ ያህል ብቻ ስለሆነና ሥራውም የእጅ ሥራ ስለሆነ፣ ለትንሹ የሚከፈለው ዋጋ ዝቅ ያለ ነው። በማሳው ውስጥ ዕንቁላል ለማብዛት ሲል ለትልልቅ እናቶች ብዙ ገንዘብ ያወጣ ገበሬ በዓመቱ መጨረሻ በርካሽ የሚሸጥ ትንሽ ክሬይፊሽ ሲሰበስብ ቢገኝ በራሱ ገንዘብ የራሱን ገበያ አበላሸ ማለት ነው።

የዚያ የጅራት ሥጋ ገበያ ደግሞ በሌላ በኩል ተነክቷል። ከቻይና የሚመጣው የተፈለፈለ ሥጋ ዋጋው እጅግ ዝቅ ስላለ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ከተገቢው ዋጋ በታች ለሚሸጥ ዕቃ የሚጣለውን ተጨማሪ ቀረጥ ደነገገበት፤ በአንዳንዶቹ ላኪዎችም ላይ ቀረጡ ከ200 በመቶ በላይ ሆነ።

በቻይና የክሬይፊሽ ታሪክ ስለ እንስት የመውለድ ኃይል ትልቅ ምስክር ነው። ፍጥረቱ የቻይና ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. ለሚበላ እንቁራሪት መኖ እንዲሆን ከአሜሪካ ወደ ጃፓን ተወሰደ፤ ከመንገዱ ተርፎ የደረሰውም 20 ያህል ብቻ እንደነበረ ይነገራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጃፓን ወደ ናንጂንግ አካባቢ ተሻገረ። ከዚያ መነሻ የተራባው ዛሬ በሁቤይ፣ በጂያንግሱና በአጎራባቾቹ አውራጃዎች የሩዝ ማሳዎች ሞልቶ፣ ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ሆኗል፤ ቻይናም ሉዊዚያናን እጅግ ርቃ በመጀመሪያው ተርታ ቆማለች።

በዚያ ገበያ ክሬይፊሽ የሚለየው ቺየን በሚባል የአገሩ መስፈሪያ ነው። አንድ ቺየን 5 ግራም ነው። ከ4 እስከ 6 ቺየን የሚመዝነው ትንሽ፣ ከ7 እስከ 9 ቺየን የሚመዝነው መካከለኛ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ትልቅ ነው፤ የትልቁም ኪሎ ከትንሹ ኪሎ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ገበሬዎች አንድ ጊዜ ዘር ከለቀቁ በኋላ በየዓመቱ ሌላ ሳይገዙ፣ ትልልቁን በወጥመድ እያወጡ ሲሸጡ ኖሩ፤ በወጥመዱ ቀዳዳ እያመለጠ በማሳው የቀረው ትንሹ እናት ሆነ። እህል የሚዘራ ገበሬ ግን ለዘር የሚያስቀምጠውን አበጥሮ፣ ፍሬው የሞላውን መርጦ፣ ለብቻው ያኖራል፤ የተረፈውን ገለባ አይዘራም። ከዓመት ዓመት የሚሰበሰበው ክሬይፊሽ እያነሰ ሲሄድ ገበሬዎቹ ዘሩ ተበላሸ ብለው ያማርሩ ጀመር። ዘሩ በእውነት ተበላሽቶ ይሁን ወይስ ማሳው ከልክ በላይ ተጨናንቆ፣ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ሆኖም መጨናነቁ ብቻውን ያን ያህል ሊያሳንሰው እንደሚችል ከላይ ከተነገረው መረዳት ይቻላል። በሁቤይ መድኃኒቱ ተብሎ የተያዘው ማራቢያውን ማሳ ከማሳደጊያው መለየት ነው። በአንደኛው ማሳ የተመረጡ እናቶች ይኖራሉ፤ ግልገሎቻቸው ተቈጥረው ወደ ሌላው ማሳ ይሄዳሉ፤ በዚያም በልካቸው ቦታ አግኝተው ያድጋሉ። በዚህ አሠራር የእናቲቱ መጠን ዋጋ ያገኛል፤ ማራቢያው ጠባብ ስለሆነ ከያንዳንዷ እናት ብዙ ግልገል ማግኘት ይጠቅማልና። ሁሉም ነገር ባንድ ማሳ በሚደረግበት ስፍራ ግን ይኸው ብዛት ጉዳት ነው።

በሌሎቹ ዓይነቶችም የመጠን ነገር እንደየተፈጥሯቸው ይለያያል። ከሰሜን አውስትራሊያ የተገኘው፣ ወንዱ በመቆንጠጫው ላይ ቀይ ምልክት ያለው ክሬይፊሽ በየግራሙ 10 ያህል ዕንቁላል ይይዛል እየተባለ ይገመታል፤ በአንድ የመራቢያ ወራትም ደጋግሞ ይወልዳል፤ ጉድጓድም አይፈልግም። ይህን የሚያረባ ሰው እናቶቹን በገንዳ ውስጥ ሊቈጥራቸውና ሊመርጣቸው ስለሚችል፣ ለትልቅ እናት የሚያወጣው ገንዘብ ይመለስለታል። የአውሮፓው ክሬይፊሽ በተቃራኒው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይወልዳል፤ ለመውለድም የሚደርሰው ከሦስትና ከአራት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው፤ ዕንቁላሉም ከ300 አይደርስም። በእርሱ ዘንድ አንዲት ትልቅ እናት ከወንዝ ማውጣት የብዙ ዓመት ትዕግሥት ማጥፋት ስለሆነ ዋጋው ሁልጊዜ ውድ መሆኑ አያስደንቅም።

ቀዩ ክሬይፊሽ ለኛ አገር ቀርቦ ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ በኬንያ የሚገኘው የናይቫሻ ሐይቅ ነው። ወደዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራብቶ ወደ አውሮፓ ገበያ የሚላክ ዕቃ እስከመሆን ደረሰ። ዳሩ ግን ያ ሁሉ አፍ የሚበላው ይፈልግ ነበርና በሐይቁ ውስጥ የሚበቅለውን ሣር ግጦ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሊያጠፋው ደረሰ፤ የዓሣ አጥማጆቹን መረብና በመረቡ የተያዘውን ዓሣም አበላሸ። ነጋዴ ሲገዛ «ብዙ ትወልዳለች» ተብሎ የሚወደስበት ጠባይ፣ ማሳውን ጥሎ ወደ ሐይቅ በወጣ ጊዜ ማንም የማይገታው መቅሠፍት ይሆናል። ትልቅም ሆነች ትንሽ፣ ዘር የያዘች አንዲት እናት ካመለጠች ወንድ እንኳ ሳያስፈልጋት መቶዎችን ታፈራለች።

ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ቀዩን ክሬይፊሽ ከአደገኛ ባዕድ ፍጥረታት መዝገብ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ወደ ኅብረቱ አገሮች በሕይወቱ ማስገባት፣ ማራባትና መሸጥ የተከለከለ ነው፤ ላኪው ተቀቅሎ ወይም በበረዶ ደርቆ የሚጓዘውን ብቻ ያቀርባል።